በስድስት ሰዓት የሚከፈተው መስኮት

ካርዴን የመለስኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የከተማው የቅርስ ቢሮ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ተቀብላኝ አገላበጠችውና «አሁን ምን ሊሠሩ ነው?» አለችኝ። «እቀመጣለሁ» አልኳት። ተቀምጬ አላውቅም።

ካርዱ ላይ ፎቶዬና ስሜ አለ፤ ከሥሩ «መስኮት ጠጋኝ» ይላል። እዚህ ላስ ቬጋስ አንድ አሮጌ ሰፈር አለ፣ ቅርስ ነው ተብሎ የተከለለ። ያለዚያ ካርድ እዚያ ሰፈር ከመንገድ የሚታይ መስኮት መንካት አይቻልም። ካርዱን የተነጠቅኩት በጥፋቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሌላ ሌላ ሲወራ ስለሰማሁ ራሴ ልጽፈው ብዬ ተነሣሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን ግን አልረሳሁትም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ሁለት ልጆች ይዤ በሱዳን በኩል ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ነበር። ከጽጌ ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው። ጽጌ የደሴ ልጅ ናት፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። አንሶላውን እሷ በዚያ በኩል እኔ በዚህ በኩል ይዘን አንድ ጊዜ እናራግበዋለን፤ አልጋው ላይ ሲያርፍ አንድ ሽብሽብ አይኖረውም። ሱፐርቫይዘራችን እንግዳ የወጣባቸውን፣ ለማጽዳት የሚከብዱትን ክፍሎች፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉት ሴቶች ብቻ ይሰጥ ነበር። አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ቆሻሻ ቋንቋ ይመርጣል እንዴ?» አልኩት። ያን ሳምንት ጽጌ ሥራው ላይ ቀረች፣ እኔ ተባረርኩ።

አንዲት የሰንበቴ ጓደኛዬ ቀለም የሚፍቅለት ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ አለ ብላ ወሰደችኝ። ዶን ኤፍራይን ይባላል፣ ሜክሲኳዊ ነው። «ዶን» ማለት እንደ እኛ «ጋሼ» ነው። አጭር ሰው ነበር፣ እጁ ግን የትልቅ ሰው እጅ ነው። የሚጠግነው የድሮ የብረት መስኮት ነበር፤ እዚያ ሰፈር ያሉት ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፣ ቀጭን ብረት፣ ትንንሽ መስታወት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት።

የመጀመሪያው ቀን ከመኪናው ወርዶ መሣሪያ አላወረደም። ከመንገዱ ማዶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ቤቱን ያየው ጀመር። ግማሽ ሰዓት አንዲት ቃል የለም። የሚጸልይ መስሎኝ እኔም ሻሼን አስተካክዬ አጠገቡ ቆምኩ። በኋላ ሲገባው እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። ቤቱ የት ጋ እንደዘመመ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ገብቶ የእጁን ጀርባ ብረቱ ላይ ያደርጋል፣ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታየው። ቀጥሎ ባለቤቱን ሦስት ነገር ይጠይቃል። ይህን መስኮት የሚከፍተው ማነው? በስንት ሰዓት? ለምን? መልስ ሳያገኝ ካቻቢቴ አያነሣም። ለምን ትጠይቃለህ ስለው «ብረቱን አውቀዋለሁ፤ ሰውየውን አላውቀውም» አለኝ።

የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። መስታወቱን ከብረቱ የሚያጣብቀውን የደረቀ ፑቲ በትንሽ ሙቀት አለስልሶ ማንሣት፣ የድሮውን መስታወት ሳይሰበር ማውጣት። የድሮ መስታወት ውስጡ ሞገድ አለው፣ ከኋላው የሚያልፍ ሰው ውሃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን መፈግፈግ፣ አዲሱን ፑቲ እንደ ሊጥ በመዳፍ አሽቶ ማሞቅ፣ በአውራ ጣት መጫን፣ ከዚያ በቢላው አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሳብ። መሐል ላይ የቆመ እጅ ይታያል። በብረትና በብረት መካከል ደግሞ የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ በታኅሣሥ ብርድ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ መስኮት በሐምሌ ሙቀት ሲያብጥ መስታወቱን ይሰብራል።

ሕጉ ብዙ ገጽ ነው፤ ልጄ እያነበበችልኝ በቃሌ ያዝኩት። ከመንገድ የሚታየውን ሳታስፈቅድ አትለውጥ። ሊጠገን የሚችለውን አትጣል። ብረት የነበረው ብረት ይሁን። ይከፈት የነበረው ይከፈት። ሕጉን አልጠላውም። የምጠላው ሁለት ዓይነት ሲሆን ነው። አንድ ዓመት አንድ ባለሀብት አርክቴክት ቀጥሮ የቤቱን ፊት እንዳለ ላስፈርስ ብሎ በአጭር ጊዜ ተፈቀደለት። ከሱ ማዶ ያሉት በኦክሲጅን የሚተነፍሱ ሽማግሌ ግን ዊልቸራቸው የሚወጣበት የእንጨት መወጣጫ ለማሠራት ፎቶ ያምጡ፣ ሥዕል ያምጡ እየተባሉ ይመላለሱ ነበር። ስብሰባቸው ላይ ተነሥቼ «መንገዱ አንድ፣ መጽሐፉ አንድ፣ ለምንድነው ሁለት ጊዜ የሚነበበው?» አልኳቸው። መወጣጫው ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስገባ ኮሚቴው ወንበሩ ላይ ይቀናል።

ዶን ኤፍራይን ሲሞት ሥራውም ስሙም ለእኔ ቀረ።

ጽጌና ባሏ ታደሰ እዚያ ሰፈር ቤት የገዙት ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጊዜ ነው። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ታደሰ ካዚኖ ወጥ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ዕቃ ሲያጥብ ያድርና ከአውቶቡስ የሚወርደው ሊቀትር ሲል ነበር። ጽጌ ደግሞ የማታ ሺፍት ነች። ታደሰ ቁልፍ መያዝ አይወድም። በቀጥታ ወደ ፊቱ መስኮት መጥቶ በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፤ ጽጌ ትከፍታለች፤ ዘንቢሉን በመስኮቱ ያቀብላትና ዞሮ በበሩ ይገባል። ምሳቸውን አብረው ይበላሉ። ኑሯቸው ያቺ ሰዓት ነበረች።

ታደሰ ሲታመም ልጃቸው ሔለን ሙቀት ያስገባል ብላ የብረቱን መስኮት አስነቅላ ፕላስቲክ አስገባች። እሱ ብረቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጓሮ መጋዘን ውስጥ አኖረው። ከዚያ ሞተ። ከሞተ ሁለት ዓመት ሲሆን አዲስ የመጣ ጎረቤት ጠቆመና ጽጌ ላይ ከቅርስ ቢሮው ደብዳቤ መጣባት፣ የፊቱን መስኮት ወደ ቀድሞው መልሺ የሚል።

«ብረቱ አለሽ?» አልኳት።

«ታደሰ እንደ ሕፃን ጠቅልሎታል።»

በመጋቢት ሠራሁላት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ መስኮት አልሠራሁም። ግን ሦስቱን ጥያቄ አልጠየቅኳትም። የአገሬ ልጅ ናት፣ አልጋ አብረን አንጥፈናል፣ ምኗን እጠይቃታለሁ? ለፈረንጅ የምጠይቀውን ለሷ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። የቅርስ ቢሮው ኢንስፔክተር መጣ፣ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፣ ፈረመ።

በሳምንቱ ደወለችልኝ።

«ዘውዴ፣ መስኮቱ ይከፈታል።»

«መስኮት ነው፤ ይከፈት እንጂ ምን ያድርግ?»

«በስድስት ሰዓት። ማንም ሳይነካው።»

ቀትር እኛ ዘንድ ጥሩ ሰዓት አይደለም። እናቴ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከወንዝ ዳር ጠርታ ታስገባን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀናት አትነግረንም። ጽጌ ሰፈር የደረስኩት ከስድስት በፊት ነው። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ውሻ የለም። ነፋስም አልነበረም። ጽጌ ምሳ አቅርባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ እጀታውን አየዋለሁ። የአየር ማቀዝቀዣው ጠፋ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

እጀታው ተነሣ። የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ሰው እንደሚያነሣው፣ ቀስ ብሎ። መቀርቀሪያው ጠቅ አለ። መስኮቱ ወደ ውጭ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ። መጋረጃው አልተነቃነቀም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሸተተኝ፣ የሎሚው ዓይነት። ከጽጌ ወጥ ቤት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጽጌ ተነሥታ እጇን በመስኮቱ አወጣች፣ መዳፏ ወደ ላይ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ክንዷ ዝቅ አለ፣ ዕቃ እንደተቀበለ ክንድ። መለሰችውና መስኮቱን ዘጋች። እጇ ባዶ ነበር።

ሄጄ የእጄን ጀርባ ብረቱ ላይ አደረግኩ። ፀሐይ ስትመታው አብጦ ይሆናል ብዬ ነበር። ብረቱ እንደ ውሃ ቧንቧ ቀዝቃዛ ነው፤ በሰሜን በኩል ፀሐይ ከየት ትመጣለች? መቀርቀሪያውን በሞረድ ያስተካከልኩት ራሴ ነኝ፣ ጥርሱ ልክ ገብቷል። ጎተትኩት፣ ገፋሁት። ምንም ጉድለት የለውም።

«አትፈሪም?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጽጌ!»

«ምሳው ይቀዘቅዛል። ትበያለሽ ወይስ መስኮት ስትጎትቺ ትውያለሽ?»

በላሁ። ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም።

ሔለን የምትኖረው ከከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ሰመርሊን ነው። ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች፣ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ዘውዴ፣ ማሚ ከመስኮቱ ጋር ታወራለች። ጎረቤቶቹ ሰምተዋታል። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ እያሰብኩ ልሞት ነው። ፕሊስ፣ ሎክ ያድርጉልኝ።»

«ሕጉ ይከፈት ይላል፣ ልጄ።»

«ከውስጥ ማን ያያል? ለእርስዎ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«እናትሽን ጠይቂያት።»

«ማሚን? ማሚን ምን ብዬ ልጠይቃት?»

አለቀሰች። እውነቱን ልናገር፤ በዕንባዋ ብቻ አይደለም የተሸነፍኩት። እኔም ፈርቼ ነበር። ያ ክንድ ዝቅ ሲል ካየሁ ወዲህ ቀትር ላይ በከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ ዊትኒ ቤቴ ውስጥ ሆኜ እንኳን የራሴን መስኮት አላይም።

እሑድ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ሔለን በሩን ከፈተችልኝ። በሁለት ብሎን ከውስጥ በኩል የሚከፈተውን ብረት ከክፈፉ ጋር አሰርኩ። ጭንቅላታቸውን ቀበርኩ፣ ፑቲ ሞላሁባቸው፣ ቀለሙን አመሳሰልኩ። ጣት ቢሄድበት እንኳ አይታወቅም። ከዚያ ጠበል ረጭቼበት፣ በመስቀል አማትቤ ወጣሁ። ያን ቀን እጄ መሐል ላይ አልቆመም፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ሰኞ ደወለች።

«ዘውዴ፣ መስኮቱ እንቢ አለ።»

«አዲስ ቀለም ነው፣ ያዝ አድርጎት ይሆናል። ይለምዳል።»

ከዚያ «ያንኳኳል እኮ» አለችኝ። «ዛሬ ያንኳኳል።»

ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስልኳን ሳይ አላነሣም።

በሐምሌ፣ ከተማው እንደ ምድጃ አፍ በሚሆንበት ጊዜ፣ የጽጌ ቤት አየር ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ፖስታ የምታድለዋ ሴት በመስታወቱ አይታ አምቡላንስ ጠራች። በሩ ከመስኮቱ አራት እርምጃ ነው። አልተቆለፈም። ጽጌ ወደ በሩ አልሄደችም። የወደቀችው መስኮቱ ሥር ነው፣ ጥፍሮቿ ተሰብረው፣ እጀታው ላይ ደም። ከውስጥ ስትገፋ ነበር። ለምን በሩን ትታ መስኮቱን እንደታገለች ሐኪሞቹ አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል።

አልሞተችም። ሆስፒታል ሄጄ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሔለን ግርጌ ቆማለች። ኢንስፔክተሩ ቀለሙን ፍቆ ብሎኖቹን ስላገኘ፣ ማንም ሌላ ሰው ፈቃድ ስላላወጣ፣ ባለቤቷ ናት ያሰረችው ብሎ ጽፏል።

«ዘውዴ፣» አለችኝ ጽጌ፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኖ፣ «እኔ ነኝ አሉ ያሰርኩት።»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ። እኔ ግን አላስታውስም። እንዴት እንዳሰርኩት አላስታውስም። ታደሰን ራሴ ውጭ ቆልፌበት ነው እንግዲህ። አእምሮዬ ሄዷል ማለት ነው አይደል?»

ሔለንን አየኋት። ሔለን ወለሉን አየች። ዝም ያለችው እናቷ ዳግመኛ እዚያ ቤት ብቻዋን እንዳትገባ ብላ ነው፤ ክፋት አይደለም። እኔስ? እኔ ዝም ያልኩት ለካርዴ ነው። «ዕረፊ፣ አትጨነቂ» ብያት ወጣሁ። የሆቴል ክፍል በቋንቋ ተከፋፈለ ብዬ ከሥራ የተባረርኩ ሴት፣ ጓደኛዬን ራሷን እንድትጠራጠር ትቼያት በአሳንሰር ወረድኩ።

ሦስት ወር ያህል እንደዚያ ኖርኩ። ሥራ አይያዝልኝም፤ ፑቲ ስስብ እጄ መሐል ላይ ይቆማል። ጽጌ ሰመርሊን ሔለን ቤት ናት አሉኝ፤ ስትጠይቅም ስትመልስም አንድ ነገር ብቻ ትላለች አሉ፣ «እኔን አትመኑኝ።» ቤቱን ለመሸጥ ልትፈርም ነው። ከዚያ በፊት ግን የቅርስ ኮሚቴው ስብሰባ ቀርባ ይቅርታ ልጠይቅ ብላለች፤ ሕግ የጣሰችው እሷ መስሏታል።

ሄድኩ። ኋላ ተቀመጥኩ። ጽጌን በክንዷ ደግፈው አቆሟት። ጥቁር ልብስ ለብሳለች፣ ጥፍሮቿ ገና አልበቀሉም። በእንግሊዝኛ «አዝናለሁ። መስኮቱን አሰርኩት። አላስታውስም» አለች። ያን የምታህል ሴት፣ ሳቋ ከኮሪደር ጫፍ የሚሰማ ሴት፣ አንገቷን ደፍታ።

ተነሣሁ።

ሰብሳቢዋ «ለመናገር ተመዝግበዋል?» አለችኝ።

«አልተመዘገብኩም። ብሎኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር።

«ወይዘሮ ዘውዴ፣ ጓደኛዎን ለመርዳት ብለው ከሆነ…»

«እሷን አይደለም የምረዳው። ይህች ሴት አልጋ ስታነጥፍ ከእኔ ትበልጣለች። ብሎን ብረት ውስጥ ቀብራ፣ ሞልታ፣ ቀለም አመሳስላ መደበቅ ግን አትችልም። እስኪ ከእናንተ የሚችል እጁን ያውጣ!» ማንም አላወጣም። «በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚሠራ አንድ እጅ ነው ያለው፣ ይኸውና።» እጄን አነሣሁት። ሔለን ጠርታኝ እንደነበር አልተናገርኩም። የሷን እሷ ትናገር። ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶም «የለመንኳት እኔ ነኝ» አለች።

ወደ ጽጌ ዞርኩ። «ጽጌ፣ አንቺ አላሰርሽም። የማታስታውሺው ስላላደረግሽው ነው። አእምሮሽ እንደ ድሮው ነው።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ ይታየኝ ነበር።

«እሑድ ነው?»

«እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ።»

«ጠበሉም ያንቺ ነው? መስኮቱ ሥር ረጥቦ ነበር።»

«የእኔ ነው።»

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች። አልጮኸችም። «የምጠይቀው ልጄንም አንቺንም ነው። ቤቱ የኔ አይደለም? ከመንገድ የሚታየውን እነዚህን ታስፈቅጃለሽ፤ ከውስጥ ያለውን ማንን ነው የምታስፈቅጂው?»

አሁን አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ።

ካርዴን እንድመልስ ተወሰነ፤ ከመመለሴ በፊት ግን መስኮቱን ወደ ነበረበት እንዳደርስ ታዘዝኩ። ጽጌ የሽያጩን ወረቀት አልፈረመችም። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሔለን አዲስ አየር ማቀዝቀዣ አስገባችላት፣ በየቀኑም ትደውልላታለች፣ በቀትር ግን አትደውልም።

በታኅሣሥ ሄድኩ። ቀዝቃዛ ቀን ነበር፣ ለቬጋስ እንኳ። ጽጌ በሩን ከፈተችልኝ፣ ግቢ አለችኝ፣ ተቀመጪ ግን አላለችኝም። ቀለሙን ፋቅኩ፣ ፑቲውን አወጣሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ። ራሴ ላይ ቆማ ታያለች።

«ሁለተኛውንም።»

«እየፈታሁ ነው።»

«ሌላ የደበቅሽው አለ?»

«የለም።»

«ማዪ።»

«ታቦት ምስክሬ ነው፣ የለም።»

ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ በሞረድ አስተካከልኩ፣ ቀለም ቀባሁ። ከፍቼ ዘጋሁት። እሷም ከፍታ ዘጋችው። ዕቃዬን ስሰበስብ ሰዓቷን አየች።

«ለስድስት አምስት ጉዳይ ነው። ሂጂ እንግዲህ።»

«ልቆይ? ብቻሽን…»

«አንቺን ማን ጠራሽ?»

ወጣሁ። የመሣሪያ ሣጥኔ ከብዶኛል፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። መኪናዬ ጋ ለመድረስ ጊዜ ወሰደብኝ። ቁልፌን ስፈልግ ከኋላዬ መቀርቀሪያው ጠቅ ሲል ሰማሁ። መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ጽጌ ተናገረች፣ አጠገቧ ላለ ሰው እንደሚነገረው፣ በዝግታ፣ ጥቂት ቃል።

ዞሬ አላየሁም። ያለችውን ግን ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጻፈው ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።